ጓዙን ሳይፈታ ዐሥር ዓመት የተጫወተ ሰው

በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ቤት አያያዝ፤ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ባልና ሚስት ስምምነት ስለ ሆነ፤ ዛሬ ስለ አንድ ያሜሪካ ኳስ ተጫዋች ልንጽፍ መነሣታችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን የሰው እንጀራ በምን እንደሚገኝና በምን እንደሚታጣ፤ እንጀራውንም ተከትሎ ቤተ ሰብ እንዴት ካገር ወዳገር እንደሚዞር ማወቅ ከቤት ነገር የራቀ አይመስለንም። ስሙ የገነነውንና ምስሉ በየግድግዳው የተለጠፈውን ተጫዋች ለሌሎች ጸሐፊዎች እንተወው። የኛ ሰው ጂም ሌናርድ ይባላል። ከ2005 እስከ 2014 (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ዐሥር ዓመት ሙሉ በሙያው ኖሮ፤ ያምስት ቡድን ልብስ ለብሶ ተጫውቶ፤ ወደ ስድስተኛውም ገብቶ ሳይጫወት ተመልሶ፤ የመጨረሻውን የዋንጫ ግጥሚያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጫወት የወጣ ተከላካይ ነው።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው ጋራ ከስሙ በቀር የሚገናኝበት ነገር ጥቂት ነው። ኳሱ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፉ የሾለ ነው፤ የሚያዘውና የሚወረወረው በእጅ ነው፤ እግር የሚነካው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳስ የያዘው ወገን ባራት ሙከራ 10 ያርድ፤ ማለት ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መሬት፤ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ እነዚያ ሲወጡ እነዚህ ይገባሉ። ከተከላካዮቹም ፊት ለፊት እንደ ግንብ የሚቆሙት ግዙፎቹ ናቸው፤ ከነሱ በስተኋላ መካከለኞቹ፤ በመጨረሻም የተወረወረ ኳስ የሚጠብቁት ሯጮቹ ይቆማሉ። ከሁሉም ኋላ የሚቆመውን ሴፍቲ ይሉታል፤ የደኅንነት ዘብ እንደ ማለት ነው። እሱን ያለፈ አጥቂ ከፊቱ ከሣር በቀር የሚጠብቀው የለም። ጂም ሌናርድ ሴፍቲ ነበረ።

የተወለደው በ1982 በጥቅምት ወር በዊስኮንሲን ክፍለ አገር ነው። ያደገባት ቶኒ የምትባለው መንደር በክፍለ አገሩ ሰሜን ያለች፤ ነዋሪዋ መቶ ሰው ያህል ብቻ የሆነ ትንሽ መንደር ናት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73፤ ክብደቱ 85 ኪሎ ያህል ነው። ይህ በኛ ሚዛን ደኅና ሰው ነው፤ በዚያ ጨዋታ ግን ኳስ ይዘው የሚመጡበት ሰዎች 100 እና 110 ኪሎ፤ የፊተኛው ረድፍ ሰዎችማ ከ140 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ስለ ሆኑ፤ በመካከላቸው ሲቆም ከትምህርት ቤት አምልጦ የመጣ ልጅ ይመስላል።

ያሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚፈልጉትን ተጫዋች ሲያገኙ የትምህርቱን፤ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ችለው ይወስዱታል። ያልተፈለገ ግን ዕድሌን ልሞክር ያለ ወጣት ወጪውን ራሱ ችሎ ከልምምዱ ሊቀላቀል ይፈቀድለታል። እንደዚህ ያለውን ዎክ ኦን፤ ማለት በገዛ እግሩ የገባ፤ ይሉታል፤ ባገራችን አነጋገር ሳይጠሩት አቤት ያለ ነው። ጂም በ2001 በማዲሰን ከተማ ወዳለው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የገባው በዚህ መንገድ ነው። በ2002 ባላጋራ የወረወረውን ኳስ ካየር ላይ 11 ጊዜ ቀማ። በዩኒቨርሲቲው ቈይታው በጠቅላላ የቀማው 21 ሲሆን፤ ይህም ከሱ በፊት ጃማር ፍሌቸር የተባለው ካስመዘገበው ጋራ የተካከለ የትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ቍጥር ሆነ። ሦስት ጊዜም በዩኒቨርሲቲዎቹ ማኅበር ምርጥ ከተባሉት ተጫዋቾች ጋራ ስሙ ተጻፈ። ነጻ ትምህርት የተፈቀደለት ግን በመጨረሻው ዓመት ነው። ይህን ስናነብ የዩኒቨርሲቲውን የሒሳብ አያያዝ ሳናደንቅ አላለፍንም።

በሚያዝያ 2005 ሠላሳ ሁለቱ የሙያ ቡድኖች ከየዩኒቨርሲቲው የወጡትን ተጫዋቾች በተራ የሚመርጡበት ቀን ደረሰ። በዚያ ዓመት የተመረጡት 255 ሰዎች ናቸው። የጂም ሌናርድ ስም ከ255ቱ ውስጥ አልተጠራም። ያልተመረጠ ሰው ግን ከሚቀበለው ቡድን ጋራ መዋዋል ይችላልና፤ ከናያግራ ፏፏቴ አጠገብ ባለችው በቡፋሎ ከተማ ቢልስ ከሚባለው ቡድን ጋራ ተፈራረመ።

እዚህ ላይ ስለ ውሉ ጥቂት ሳንናገር ማለፍ አይሆንልንም። እኛ ባንድ ፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ሆነን ብዙ ዓመት ውል ስንገለብጥ የኖርን ሰዎች ስለ ሆን፤ ከጨዋታው ይልቅ ቀልባችንን የሳበው ይህ ጽሑፍ ነው። ቅጹ ለሁሉም ተጫዋች አንድ ነው። ተጫዋቹ ለተጻፈው ዘመን ሁሉ ለዚያ ቡድን ይታሰራል፤ በመካከሉ የበለጠ የሚከፍል አገኘሁ ብሎ መሄድ አይችልም። ቡድኑ ግን የተጫዋቹ ችሎታ ከሌሎቹ ጋራ ሲመዛዘን አልበቃኝም ያለ እንደ ሆነ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ በቃ ወይም አልበቃም ብሎ የሚፈርደውም ራሱ ቡድኑ ነው። አንዱ ወገን ባለጕዳይም ዳኛም የሆነበት ውል በኛ መዝገብ ቢቀርብ ኖሮ ብዙ ክርክር የሚያስነሣ ነበረ። ታዋቂ ተጫዋቾች ቢሰናበቱም የሚከፈላቸው ገንዘብ አስቀድሞ ይወሰንላቸዋል፤ ሳይመረጥ የገባ ግን እንዲህ ያለውን ዋስ የሚሰጠው የለም። በ2005 የአንድ አዲስ ገብ ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 230,000 ዶላር ነበረ። ለሰሚው ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በጨዋታው ወራት በ17 ሳምንት ተከፋፍሎ፤ በሳምንት 13,500 ዶላር ያህል እየሆነ የሚከፈል ስለ ነበረ፤ የመጀመሪያው ግጥሚያ ሳይደርስ የተሰናበተ ሰው ከዚህ ደመወዝ ምንም አያገኝም ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት የተሰናበተም ያምስት ሳምንቱን ይዞ ይሄድ ነበር።

የተጫዋቾቹ ማኅበር አንድ ተጫዋች በሙያው የሚቈይበት ዘመን በአማካይ ከሦስት ዓመት ብዙ አያልፍም ይላል። የቡድኖቹ ማኅበር ደግሞ በመጀመሪያ ዓመቱ ከመዝገብ የገባውን ብቻ ብትቈጥሩ ስድስት ዓመት ይሆናል ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም፤ የቈጠሩት ሰው ልዩ ልዩ ነው። በየነሐሴው ወር የተሰናበቱትን ከቈጠራው ያወጣ፤ ዘመኑ ቢረዝምለት ምን ያስደንቃል? የጡረታ መብት የሚገኘው ሦስት የጨዋታ ዓመት ለቈጠረ ስለ ሆነ፤ ለብዙ ቤተ ሰብ ሦስተኛው ዓመት እንደ ተራራ አናት የሚታይ ነው።

ስለ ነሐሴ ወር ካነሣን ዘንድ የመሰናበቻውን ሥርዓት እንናገር። በክረምቱ ልምምድ ዛሬ እስከ 90 ሰው ድረስ ይሰበሰባል፤ በነሐሴ መጨረሻ ግን በመዝገብ የሚቀረው 53 ብቻ ነው። በዚያን ሰሞን ከቡድኑ ሠራተኞች አንዱ ማለዳ በየመኝታ ክፍሉ ወይም በየልብስ መቀየሪያው እየሄደ፤ አሠልጣኙ ይፈልጉሃል፤ የጨዋታ መጽሐፍህን ይዘህ ና ይላል። መጽሐፉን ይዘህ ና የተባለ ሰው ሌላ ነገር መስማት አያስፈልገውም፤ መጽሐፉ የቡድኑ ንብረት ነውና ሊያስረክብ ተጠርቷል። ተጫዋቾቹ ይህን መልእክተኛ ቱርኩ ብለው ይጠሩታል። በዚያን ሰሞን ባሎቻቸውን በሩቅ ከተማ ሆነው የሚጠባበቁ ሚስቶች ቤት ተከራይተው ዕቃ አይገዙም፤ ልጆቻቸውንም የት ትምህርት ቤት እንደሚያስገቡ አይወስኑም፤ ስልኩ እስኪጮኽ ይጠብቃሉ።

ጂም ሌናርድ በ2005 መጽሐፉን አላስረከበም። ነገር ግን የተቀበለው ሥራ የዋናው ተከላካይነት አልነበረም፤ ኳስ በእግር ሲመታ እየሮጡ የሚጋጩት፤ ልዩ ጭፍራ የሚባሉት፤ ከነሱ ጋራ ተሰለፈ። ዓመቱ ሲያልቅ ያስገባው አሠልጣኝ ሥራውን ለቀቀ። በ2006 የመጡት አዲሱ አለቃ በምርጫው ቀን በስምንተኛው ተራ ዶንቴ ዊትነርን፤ ኋላም በአራተኛው ዙር ኮ ሲምሰንን ወሰዱ፤ ሁለቱም ሴፍቲዎች ናቸው። ባንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ሳይመረጥ የመጣው እንደሚነሣ ሁሉም የሚገምተው ነገር ነበረ። እሱ ግን ቀረ። የቀረበትም ምክንያት ጕልበቱ አይደለም፤ የራሱን ስፍራ ብቻ ሳይሆን የዐሥሩንም ባልንጀሮቹን ተግባር ስለሚያውቅ ነው። ሴፍቲ ባላጋራው ሲሰለፍ አሰላለፉን አይቶ፤ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፤ አንተ ወዲህ፤ አንተ ወዲያ ብሎ መጮኽ አለበት። ይህን የሚችል ሰው ቁመቱ ቢያጥርም አሠልጣኞች በቀላሉ አይለቁትም።

መስከረም 9 ቀን 2007 ቡፋሎ ከዴንቨር ቡድን ጋራ የመጀመሪያውን ግጥሚያ አደረገ። በዚያ ቀን ኮ ሲምሰን ቍርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ዓመቱን ሙሉ ከጨዋታ ወጣ። በዚሁ ቀን ኬቪን ኤቨሬት የተባለው ባልደረባቸው ኳስ ተመትቶ ሲጋጭ አንገቱ ላይ ተጐዳና ሳይንቀሳቀስ በቃሬዛ ተወሰደ። ሐኪሞቹ ዳግመኛ እንደማይራመድ ፈርተው ነበር፤ እግዚአብሔር ረድቶት በዓመቱ መጨረሻ በእግሩ ቆመ፤ ኳስ ግን ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም። ጂም ሌናርድ የሲምሰንን ስፍራ የያዘው ከዚህ ቀን በኋላ ነው። ሦስት ዓመት የጠበቀው ወንበር የተገኘው ባልንጀራው በቃሬዛ በወጣበት ሳምንት ስለ ሆነ፤ እንኳን ደስ ያለህ የሚል ሰው ቢመጣ ምን ብሎ ይመልስ ነበር?

ይህም በዚያ አልቆመም። ዓመቱ ሲያልቅ ቡፋሎ ውሉን አላደሰለትም። በ2008 ሜሪላንድ ክፍለ አገር ወዳለችው ባልቲሞር ከተማ ሄዶ ሬቨንስ ከሚባለው ቡድን ገባ፤ እዚያም ለተጠባባቂነት ነው። የዋናው ስፍራ ባለቤት ዳዋን ላንድሪ ነበረ። በመስከረም ወር ከክሊቭላንድ ቡድን ጋራ ሲጋጠሙ ላንድሪ አንገቱ ላይ ተመትቶ በቃሬዛ ወጣ፤ እሱም በኋላ ደኅና ሆኖ ለመጫወት ቢበቃ በዚያ ዓመት ግን አልተመለሰም። ጂም በስፍራው ገባ። ጐኑ ላይ የቆመው ኤድ ሪድ፤ ከፊቱ ያለው ሬይ ሉዊስ ነበሩ፤ ሁለቱም በዚያ ጨዋታ ታሪክ ስማቸው በክብር መዝገብ የተጻፈ ሰዎች ናቸው። ኤድ ሪድ እንደ ልቡ እየዘለለ ኳስ የሚቀማ ሰው ስለ ነበረ፤ ባዶውን የሚጠብቅለት ሌላ ታማኝ ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ያም ሰው ሌናርድ ሆነ። ባልቲሞር በጥር 2009 መጀመሪያ ማያሚን 27 ለ 9፤ ቀጥሎ ቴነሲን 13 ለ 10 አሸንፎ ከመጨረሻው ግጥሚያ በፊት ወዳለው ደረጃ ደረሰ፤ በዚያም በፒትስበርግ ቡድን 23 ለ 14 ተሸነፈ።

የባልቲሞርን ተከላካዮች የሚያሠለጥኑት ሚስተር ሬክስ ራያን በዚሁ ጥር ወር የኒው ዮርክ ጄትስ ዋና አሠልጣኝ ሆነው ተሾሙ። ሹም ሲሾም የሚያምናቸውን ይዞ እንደሚሄድ፤ እሳቸውም ሌናርድን ለሦስት ዓመት ውል አስከትለው ወሰዱ። (ይህ ቡድን ስሙ የኒው ዮርክ ቢሆንም የሚለማመደውም የሚጫወተውም በጐረቤቱ በኒው ጀርዚ ነው፤ ስለ ስምና ስለ አድራሻ መጣጣም የሚጠነቀቅ እንደኛ ያለ ጸሐፊ ይህን ሲያይ ያዝናል።) የራያን የመከላከል ዘዴ ውስብስብ ስለ ሆነ፤ ዘዴውን ከባልቲሞር ጀምሮ የሚያውቀው ሌናርድ በሜዳ ላይ እንደ ሁለተኛ አሠልጣኝ ሆኖ ትእዛዙን ለሌሎቹ ያደርስ ነበር። በ2009 የጄትስ ተከላካዮች ባላጋራ ባገኘው መሬት ሲመዘን ከ32ቱ ቡድኖች አንደኛ ሆኑ። በጥር 2010 እንደገና ከዚያው ደረጃ ደርሰው፤ እስከ ዕረፍት ድረስ 17 ለ 13 ሲመሩ ቈይተው፤ በኢንዲያናፖሊስ ቡድን 30 ለ 17 ተሸነፉ። ለሌናርድ ይህ ሁለተኛው ነው።

በ2010 ኒው ዮርክና ኒው ኢንግላንድ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ አሸንፈው ሁለት ተሸንፈው፤ ታኅሣሥ 6 ቀን ሊጋጠሙ ተቀጠሩ። ሦስት ቀን ሲቀረው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን፤ በልምምድ ላይ ሌናርድ ከገዛ ባልደረባው ጋራ ተጋጭቶ ቅልጥሙ ተሰበረ። ባላጋራ አልነካውም፤ ሕዝብም አልተመለከተም። በግጥሚያው ቀን ጄትስ 45 ለ 3 ተሸነፈ። ያን ሁሉ ነጥብ አንድ ሰው ያግደው ነበር ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ሆኖም ትእዛዝ አድራሹ በሌለበት ሰዎቹ እንዴት እንደ ተደናገሩ ያየ ሁሉ ስሙን ሳያነሣ አልቀረም። ስፍራውን ሌላ ተጠባባቂ ያዘው፤ እሱ ከሁለት ሰዎች መውደቅ በኋላ እንደ ያዘው ሁሉ፤ አሁን ከሱ መውደቅ በኋላ ሌላው እንጀራ አገኘ። በጥር 2011 ጄትስ ያንኑ ኒው ኢንግላንድን 28 ለ 21 አሸንፎ እንደገና ወደዚያ ደረጃ ሲደርስና በፒትስበርግ 24 ለ 19 ሲሸነፍ፤ ሌናርድ የታሰረ እግሩን ይዞ ተመልካች ነበረ።

በዚያው ክረምት፤ በየካቲት 2011፤ አንድ ነገር ሆነ። ዴቭ ዱየርሰን የሚባል ሰው፤ እሱም ሴፍቲ የነበረ፤ በሺካጎና በኒው ዮርክ ጃያንትስ ሁለት ጊዜ የመጨረሻውን ዋንጫ ያገኘ፤ በ50 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ከመሞቱ በፊት አንጐሉ እንዲመረመር ለቤተ ሰቡ ተናዞ ነበር። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሲመረምሩት፤ ራስ ደጋግሞ በመመታት የሚመጣው የአንጐል በሽታ ተገኘበት። ይህን በሽታ በኳስ ተጫዋች አንጐል ላይ ያወቁት ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በ2002 የፒትስበርጉን ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አስከሬን ሲመረምሩ ነበር። የበሽታው ክፋት ሰውየው በሕይወት ሳለ አለበት ብሎ ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው፤ የሚታየው ከሞተ በኋላ አንጐሉ ሲመረመር ነው። ሚስት ባሏ ቍጡ ሲሆን፤ ገንዘብ የት እንዳኖረ ሲረሳ፤ ሌሊት ሲባንን ታያለች፤ ጠባዩ ተለወጠ ትላለች እንጂ በሽታ መሆኑን የሚነግራት ሰው አልነበረም። ሴፍቲ ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ የሚጋጭ ስለ ሆነ ከሚመቱት መካከል ነው። ስለ ጂም ሌናርድ እንዲህ ያለ ወሬ አልሰማንም፤ ይህን የምንጽፈውም በሱ ላይ ለማሟረት አይደለም፤ ነገር ግን ያ የ13,500 ዶላር ሳምንት የሚገዛው ምን እንደ ሆነ ሳይጻፍ ቢቀር መዝገቡ ጐደሎ ይሆናል።

እግሩ ድኖ በ2011 ተመልሶ ተጫወተ። በታኅሣሥ 2011 ካንሳስ ሲቲን 37 ለ 10 ባሸነፉበት ቀን የጕልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በዓመት ካንድ ሳምንት ያህል ውስጥ ሁለተኛ ጕዳት ነው። የሦስት ዓመቱም ውል አብሮ አለቀ። ጕልበቱ በቀዶ ሕክምና የተጠገነ፤ ዕድሜው ሠላሳ የቀረበ፤ ድሮም አጭር ነው የተባለ ተከላካይ በገበያ ላይ ምን ያህል ያወጣል? በ2012 ክረምት ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ያለችው ዴንቨር ለአንድ ዓመት ጠራችው። ከዚህ በኋላ ያለው ውሉ ሁሉ የአንድ የአንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት ማለት ለቤተ ሰብ ምን እንደ ሆነ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ አንባቢዎቻችን ያውቁታል፤ መጋረጃ እንኳ በልኩ አይሰፋም።

በዴንቨር ያ ዓመት መልካም ነበረ፤ 13 አሸንፈው 3 ተሸነፉ። ጥር 12 ቀን 2013 በብርቱ ቅዝቃዜ ከባልቲሞር ጋራ ተጋጠሙ። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀረው ዴንቨር በሰባት ነጥብ ይመራ ነበር። በዚያን ጊዜ የባልቲሞሩ ወርዋሪ ኳሱን ከሩቅ ወረወረው፤ ኳሱም በዴንቨሩ ወጣት ሴፍቲ ራስ ላይ አልፎ የባልቲሞሩ ሯጭ እጅ ገባ፤ እሱም 70 ያርዱን ጨርሶ እኩል አደረጋቸው። በጭማሪው ሰዓት ባልቲሞር 38 ለ 35 አሸነፈ፤ ከሦስት ሳምንትም በኋላ የመጨረሻውን ዋንጫ ወሰደ። ባልቲሞር ማለት ሌናርድ ከአራት ዓመት በፊት የለቀቀው ቡድን ነው። በዚያች ኳስ ጊዜ ኋላ ቆሞ የነበረው እሱ አልነበረም፤ ሌላው ነው። ሌናርድ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ወደ ኋላ ይቆም ነበር የሚሉ አሉ፤ እንዲህ ያለውን ፍርድ ግን በመዝገብ ልንጽፈው አንደፍርም።

በ2013 ነሐሴ ወደ ደቡብ፤ ወደ ኒው ኦርሊንስ፤ ሴይንትስ ወደሚባለው ቡድን ሄደ። የተከላካዮቹ አሠልጣኝ የሬክስ ራያን መንታ ወንድም ሮብ ራያን ስለ ነበሩ ተስፋ ሳይኖረው አልቀረም። ወሩ ሲያልቅ ግን ሰዎቹ ወደ 53 ሲቀነሱ የሱም ስም ከተቀነሱት መካከል ሆነ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሰሜን ጥሪ መጣ፤ ቡፋሎ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ውሉን ያላደሰለት። በጄትስ ከሬክስ ራያን ሥር ተከላካዮቹን ያዝ የነበሩት ሚስተር ማይክ ፔቲን ወደዚያ ተሹመው ኖሮ፤ ዘዴያቸውን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። በዚያ ዓመት አራት ኳስ ቀማ። በ2014 ፔቲን የክሊቭላንድ ዋና አሠልጣኝ ሲሆኑ ተከትሏቸው ሄደ፤ እዚያም ዓመቱን ጨርሶ በ32 ዓመቱ ጨዋታውን ተወ። ማንም አላሰናበተውም፤ ራሱ በቃኝ አለ። ካልተመረጡት ወገን ሆኖ ዐሥር ዓመት ተጫውቶ በራሱ ቃል መውጣት ከብዙ ዋንጫ የሚመዘን ይመስለናል፤ በዚህ አሳብ የማይስማሙ አንባቢዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን።

በ2016 የድሮ ዩኒቨርሲቲው ኋለኞቹን ተከላካዮች እንዲያሠለጥን ጠራው። እስካሁን አንተ ስንለው የቈየነውን ሰው ከዚህ በኋላ አንቱ ልንል ይገባናል፤ አስተማሪ ሆነዋልና። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ አሠልጥነው አያውቁም፤ በዓመቱ፤ በ2017፤ የተከላካዮቹ ሁሉ አለቃ ሆኑ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 13 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸነፈ። በ2021 የዊስኮንሲን ተከላካዮች ባላጋራ ባገኘው መሬት ሲመዘን ካገሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንደኛ ሆኑ። በዚሁ ዓመት መጀመሪያ የክፍለ አገራቸው የሙያ ቡድን ግሪን ቤይ ተከላካዮቹን እንዲመሩለት ጠይቋቸው ነበር፤ አይሆንም ብለው በማዲሰን ቀሩ። ያን ያህል ዓመት ሲዞር ለኖረ ሰው ባንድ ከተማ መቀመጥ ከሹመት ቢበልጥበት አንፈርድበትም።

የመቀመጡ ነገር ግን በሰው እጅ አልሆነም። በጥቅምት 2022 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ዋናውን አሠልጣኝ ፖል ክሪስትን በዓመቱ መካከል አሰናብቶ ሌናርድን በጊዜያዊነት ሾመ። ሰባት ግጥሚያ መርተው አራቱን አሸነፉ፤ ሦስቱን ተሸነፉ። ተጫዋቾቹ እንዲጸናላቸው ይፈልጉ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ሹመቱ ሉክ ፊክል ለተባሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሚስተር ሌናርድም ያመቱን መጨረሻ ግጥሚያ ሠርተው ለቀቁ። በገዛ እግራቸው የገቡበት ቤት ለሁለተኛ ጊዜ አስከፈላቸው ማለት ነው። በ2023 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፤ በ2004 ተማሪ ሳሉ የተከላካይነትን ዘዴ ያስተማሯቸው ብሬት ቢሌማ ዘንድ፤ በአማካሪነት ዓመቱን አሳለፉ።

በ2024 መጀመሪያ ዴንቨር እንደገና ጠራቸው፤ በዚህ ጊዜ የተወረወረ ኳስ የሚከላከሉትን ክፍል እንዲያሠለጥኑ ነው። የጠሯቸው ዋና አሠልጣኝ ሻን ፔይተን ይባላሉ፤ በ2013 ነሐሴ መጨረሻ ጂም ሌናርድ ሲሰናበት የኒው ኦርሊንስ ዋና አሠልጣኝ የነበሩት ሰው ናቸው። በዚያውም ክረምት 90 ሰው በዴንቨር ለልምምድ ተሰበሰበ። ከነሱም መካከል ሳይመረጡ የመጡ ኋለኞች ተከላካዮች ነበሩበት፤ ነሐሴ ሲያልቅ የያንዳንዳቸው ስም በዋናው አሠልጣኝ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፤ ይህ ልጅ ያንተ ነው፤ ምን ትላለህ ተብሎ የሚጠየቀው የክፍሉ አሠልጣኝ ነው።